ኖራው ማሳ ውስጥ ምን ይሠራል? ከአቶም እስከ አሲዳማ አፈር
(ለአርሶ አደሮችና ለልማት ጣቢያ ሠራተኞች ሥልጠና የቀረበ ገለጻ)



የዛሬው ትምህርታችን ስለ ኖራ ነው። ስለ ኖራ ከዚህ በፊት ብዙ ተነግሯችኋል። በትኑ፣ ከአፈር ጋር አደባልቁ፣ ከዘር በፊት አድርሱ ተብላችኋል። ለምን ይህን ያህል ኩንታል እንደሚያስፈልግ፣ ለምን እንደ ዱቄት መድቀቅ እንዳለበት፣ ለምን ከማዳበሪያ ጋር አንድ ጆንያ ውስጥ እንደማይገባ ግን ብዙ ጊዜ ሳይብራራ ይታለፋል። ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ደግሞ ኖራው ሲዘገይበት ግማሹን በትኖ ይተወዋል፤ ወይም ጉልበት ለመቆጠብ ብሎ ከማዳበሪያው ጋር ደባልቆ ይዘራዋል። ገንዘቡም ድካሙም አፈር ውስጥ ይቀራል።

ስለዚህ ዛሬ ከሥሩ እንጀምራለን፤ ከአቶም። «ይህ የተማሪ ነገር ነው» እንዳትሉ። በርግጥም ልጆቻችሁ ትምህርት ቤት የሚማሩት ነው፤ ማታ ደብተራቸውን አስከፍታችሁ ብታዩት እዚህ የምንለውን ታገኙታላችሁ። ልዩነቱ እኛ ዛሬ የምንማረው ለፈተና ሳይሆን ለገብሱ መሆኑ ነው።

ጉዳዩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አስቀድመን እንይ። በአዊ፣ በምዕራብና በምሥራቅ ጎጃም፣ በደቡብ ጎንደር ደጋማ ቀበሌዎች ዝናብ ብዙ ነው፤ መሬቱም ለረጅም ዘመን ታርሷል። በዚህ የተነሳ አፈሩ አሲዳማ ሆኗል፤ በተለምዶ ኮምጣጣ አፈር የምንለው ነው። በአገር ደረጃ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ቁጥር ከሚታረሰው መሬት ወደ 43 በመቶ የሚሆነው በአሲዳማነት ተጠቅቷል የሚል ነው። በባንጃና በፋግታ ለኮማ ብዙ ሰው ገብስ እምቢ ባለው መሬቱ ላይ ዲከረንስ ተክሏል። ከከሰሉ ገቢ አግኝቷልና የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ዛፍ መትከል በፈቃድ ሲሆን አንድ ነገር ነው፤ እህል ስላልበቀለ በግድ ሲሆን ሌላ ነው። ማዳበሪያ በዱቤ ገዝቶ፣ በወቅቱ አርሶ፣ በመስመር ዘርቶ ሰብሉ ቢጫ ሆኖ የቀረበት ሰው ጥፋቱ የእጁ ነው ወይስ የአፈሩ ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው። መልሱ ያለው አቶሙ ላይ ነው።

አቶም ምንድን ነው?

አንድ የጨው አሞሌ ውሰዱ። ለሁለት ክፈሉት፤ ግማሹን እንደገና ለሁለት፤ ፈጩት፣ አድቅቁት። ዓይን ማየት ካቆመም በኋላ መክፈሉ ይቀጥላል እንበል። በመጨረሻ የሚገኙት ቅንጣቶች አቶሞች ናቸው። አፈሩም፣ ውሃውም፣ በሬውም፣ እኛም ከአቶም ተሠርተናል።

አቶም ራሱ ክፍሎች አሉት። መሐሉ ላይ አስኳል አለ። በአስኳሉ ውስጥ ፕሮቶንና ኒውትሮን ይገኛሉ። ከአስኳሉ ውጭ ደግሞ ኤሌክትሮኖች አሉ። በራዲዮ ባትሪ ድንጋይ ላይ በአንድ ጫፍ የመደመር፣ በሌላው ጫፍ የመቀነስ ምልክት አይታችኋል። ፕሮቶን የመደመር ቻርጅ አለው፤ ኤሌክትሮን የመቀነስ ቻርጅ አለው፤ ኒውትሮን ምንም የለውም። መደመርና መቀነስ ይሳሳባሉ፤ መደመርና መደመር ይገፋፋሉ። ዛሬ ከዚህ አዳራሽ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትወጡ ከሆነ ይህንን ያዙ፤ የቀረው ሁሉ ከዚህ የሚመጣ ነውና።

የአቶሙን ማንነት የሚወስነው የፕሮቶኑ ብዛት ነው። 11 ፕሮቶን ያለው ሶዲየም ነው። 13 ያለው አሉሙኒየም፣ 15 ያለው ፎስፈረስ፣ 20 ያለው ካልሲየም ነው። ይህ ቁጥር በምድጃ እሳትም፣ በማዳበሪያም፣ በብስባሽም አይለወጥም። ለአርሶ አደር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ገብሱና ገለባው ከማሳ ሲወጡ በውስጣቸው ያለው ካልሲየምና ፖታሲየም አብሮ ይወጣል። አፈሩ ሌላ ካልሲየም ከምንም አይሠራም። ከሥር ያለው ድንጋይ ቀስ ብሎ እየፈረሰ ጥቂት ይሰጣል፤ ከዚያ ያለፈውን ሰው ካልመለሰው አይመለስም። ኩበቱ ለማገዶ፣ ገለባው ለገበያ በሚሄድበት ማሳ ሒሳቡ በየዓመቱ እየጎደለ የሚሄደው ለዚህ ነው።

ኤሌክትሮኖቹ ደግሞ ዝም ብለው የተበተኑ አይደሉም። በእርከን የተደረደሩ ናቸው ብላችሁ አስቡ። የመጀመሪያው እርከን 2 ይይዛል፤ ሁለተኛው 8፤ ሦስተኛውም እስከ ካልሲየም ድረስ ላሉት አቶሞች 8 ይዞ ይቆማል። የአቶም ጠባይ የሚታወቀው በመጨረሻው እርከን ላይ ባሉት ኤሌክትሮኖች ነው። የመጨረሻው እርከን ሙሉ የሆነለት አቶም ከማንም ጋር አይነካካም። በምንተነፍሰው አየር ውስጥ አንድ በመቶ የሚጠጋ አርገን የሚባል ጋዝ አለ፤ እርከኑ ሙሉ ስለሆነ በሳንባችን ገብቶ ምንም ሳያደርግ ይወጣል። ያልሞላለት ግን ወይ ትርፉን ይሰጣል፣ ወይ ጎደሎውን ይወስዳል፣ ወይም ከሌላው ጋር ይጋራል።

ሠንጠረዡ

በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ በቀለም የተሣለ ትልቅ ሠንጠረዥ አይታችሁ ይሆናል። ፔሪዮዲክ ሠንጠረዥ ይባላል። በ1869 ሜንዴሌየቭ የተባለ ሩሲያዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ያን ጊዜ የታወቁትን 63 ንጥረ ነገሮች በክብደታቸው ደረደራቸው፤ ጠባያቸው የሚመሳሰለውንም በአንድ ወገን አደረገ። ሲደረድር ክፍት ቦታ ሲያጋጥመው ግን አልዘጋውም። እዚህ ቦታ ላይ ገና ያልተገኘ ንጥረ ነገር አለ፣ ክብደቱ ይህን ያህል ይሆናል፣ ጠባዩም እንዲህ ነው ብሎ ጻፈ። በ1875 ጋሊየም፣ በ1886 ጀርማኒየም ተገኙና ከተናገረው ጋር ተቀራረቡ። ዛሬ ሠንጠረዡ 118 ንጥረ ነገሮች አሉት፤ የተደረደሩትም በፕሮቶናቸው ብዛት ነው። ሰብል ለማደግ የግድ የሚያስፈልጉት 17 ያህሉ ናቸው።

ሠንጠረዡን ለማንበብ ሁሉን መሸምደድ አያስፈልግም። በግራ በኩል ባለው የመጀመሪያ አምድ ሶዲየምና ፖታሲየም አሉ፤ በመጨረሻው እርከናቸው ላይ አንድ አንድ ኤሌክትሮን አላቸው። በሁለተኛው አምድ ማግኒዚየምና ካልሲየም አሉ፤ ሁለት ሁለት አላቸው። አሉሙኒየም ሦስት አለው። በቀኝ በኩል ከመጨረሻው ቀድሞ ባለው አምድ ክሎሪን አለ፤ ሰባት አለውና አንድ ይጎድለዋል። ለዛሬው ትምህርት ከሠንጠረዡ የምንፈልገው ይህን ያህል ነው፦ አንድ ሰጪ፣ ሁለት ሰጪ፣ ሦስት ሰጪ፣ እና ተቀባይ።

ሰጥቶ መቀበል፦ አዮናዊ ትስስር

ከአፋር የሚመጣውን ጨው እንይ። ጨው ሶዲየምና ክሎሪን ነው። ሶዲየም ብቻውን በቢላ የሚቆረጥ ለስላሳ ብረት ነው፤ ውሃ ሲነካው ይንተከተካል፣ እሳትም ያነሳል። ክሎሪን ብቻውን አረንጓዴ ቢጫ መርዛም ጋዝ ነው፤ በ1915 በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ጨርሶበታል። ሁለቱ ሲገናኙ ሶዲየም ትርፍ የሆነችበትን አንዲት ኤሌክትሮን ለክሎሪን ይሰጣል። የሰጠው ፕሮቶኑ በአንድ ስለሚበልጥ የመደመር አንድ ይሆናል። የተቀበለው የመቀነስ አንድ ይሆናል። እንዲህ ቻርጅ ያለው ቅንጣት አዮን ይባላል። መደመርና መቀነስ ይሳሳባሉ ብለናል፤ ተያይዘው ይቆማሉ። ይህ መያያዝ አዮናዊ ትስስር ነው። ከዚያ በኋላ አንዱም እሳት አያነሳ፣ ሌላውም አይመርዝ፤ ወጥ ላይ ይነሰነሳል፣ ከብት ይልሰዋል።

ሒሳቡ ሁልጊዜ ተካክሎ መውጣት አለበት። ካልሲየም ሁለት ስለሚሰጥ የመደመር ሁለት ነው። ከክሎሪን ጋር ከተገናኘ ለአንድ ካልሲየም ሁለት ክሎሪን ያስፈልጋል። አሉሙኒየም የመደመር ሦስት ስለሆነ ሦስት ክሎሪን ይፈልጋል። በሬ በቀንበር እንደሚጠመድ እንጂ በዘፈቀደ አይደለም።

አንዳንድ አዮኖች ከአንድ በላይ አቶም ተሰባስበው እንደ አንድ ሆነው የሚንቀሳቀሱ ናቸው። ለእኛ ሥራ አራቱን ማወቅ ይበቃል፦ ካርቦኔት የመቀነስ ሁለት፣ ናይትሬት የመቀነስ አንድ፣ ፎስፌት ሙሉ ለሙሉ ሲገፈፍ የመቀነስ ሦስት፣ አሞኒየም የመደመር አንድ። ከእነዚህ አብዛኞቹ በየዓመቱ በጆንያ ተሸክማችሁ ወደ ቤት የምታስገቧቸው ናቸው።

ኖራ ማለት እንግዲህ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ካልሲየም የመደመር ሁለት፣ ካርቦኔት የመቀነስ ሁለት። በደጀን አካባቢ በዓባይ ሸለቆ ገደል ላይ የምታዩት ነጣ ያለ ድንጋይ በአብዛኛው ይኸው ነው። በጨው ውስጥ አንድና አንድ ነው የሚሳሳበው፤ እዚህ ሁለትና ሁለት ነው። ስለዚህ አያያዙ ይጠብቃል። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 360 ግራም ያህል ጨው ይሟሟል፤ ከኖራ ድንጋይ ግን በንጹሕ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው የአንድ ግራም መቶኛ አካባቢ ብቻ ነው። ኖራ እንደ ዱቄት መድቀቅ አለበት የሚባለው ለዚህ ነው። ጠጠር ጠጠር ያለ ኖራ ብትበትኑ በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ጠጠር ሆኖ ታገኙታላችሁ። ኖራ ስትረከቡ በጣታችሁ አሹት። እንደ ጤፍ ዱቄት ካልሆነ ጠይቁ።

አፈሩ ውስጥ ማን የት ተቀምጧል?

ሸክላማ አፈር ራሱ ቻርጅ አለው። የሸክላ ቅንጣት ገጽ የመቀነስ ቻርጅ ተሸክሟል። የበሰበሰ ፍግና ቅጠልም እንዲሁ ነው። ስለዚህ የመደመር ቻርጅ ያላቸውን ይይዛል፦ ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ፖታሲየም፣ አሞኒየም። ሸክላው ሥሩ እስኪመጣ ድረስ የሚያቆይላችሁ ጎተራ ነው። የመቀነስ ቻርጅ ያለውን ናይትሬትን ግን አይዘውም፤ በኃይለኛ ዝናብ ከሥር በታች ወርዶ ይሄዳል።

ጎተራው ውስጥ ያለው ቦታ የተወሰነ ነው። ዝናቡ ዓመት ከዓመት ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን እያጠበ ሲወስድ ቦታው ባዶ አይቀመጥም። ሃይድሮጅንና አሉሙኒየም ይገቡበታል። ሃይድሮጅን አዮን የኮምጣጤ፣ የሎሚ፣ የእርሾ መኮምጠጫ ነው። የአፈር ኮምጣጣነትም የሚለካው በእሱ ነው፤ መለኪያው ፒኤች ይባላል። 7 መካከለኛ ነው። ከዚያ በታች አሲዳማ ነው። ቁጥሩ በአንድ በወረደ ቁጥር አሲዳማነቱ አሥር እጥፍ ይጨምራል። ፒኤች 5 የሆነ ማሳ ከ6ቱ አሥር እጥፍ፣ ከ7ቱ መቶ እጥፍ አሲዳማ ነው። «ከ6 ወደ 5 ቢወርድ ምን አለበት፣ አንድ ቁጥር ናት» የሚል ሰው ይህን ይስማ።

አሉሙኒየም በአፈር ውስጥ ሞልቷል፤ የሸክላው አካል ነው። ፒኤች ከ5.5 በላይ እስከሆነ ድረስ ታስሮ ይቀመጣል፤ ማንንም አይጎዳም። ከዚያ በታች ሲወርድ ግን እየሟሟ የመደመር ሦስት አዮን ሆኖ ይወጣል። ያን ጊዜ ሁለት ጉዳት ያደርሳል።

አንደኛው በሥር ላይ ነው። የሥሩን ጫፍ ይመታዋል። የታመመ ገብስ ንቀሉና እዩት፤ ሥሩ አጭር፣ ወፍራም፣ ቅርንጫፍ የሌለው ይሆናል። ጥልቅ ስላልወረደ ዝናብ ለአንድ ሳምንት ቢቆም ይጠወልጋል። ገብስና ስንዴ ይህን አይችሉም፤ ድንችና አጃ የተሻለ ይታገሡታል። ባቄላም ይጎዳል፤ በሥሩ ላይ አየሩን ናይትሮጅን የሚያዘጋጁለት ባክቴሪያዎች ኮምጣጣ አይወዱምና።

ሁለተኛው በማዳበሪያችሁ ላይ ነው፤ እኔን የሚያንገበግበኝም ይህኛው ነው። ፎስፌት የመቀነስ ቻርጅ አለው፤ አሉሙኒየም የመደመር ሦስት ነው። ሲገናኙ ተያይዘው የማይሟሟ ነገር ይሆናሉ። ብረትም እንዲሁ ያደርጋል። በኤንፒኤስ ጆንያ ላይ 19፣ 38፣ 7 የሚሉ ቁጥሮች አሉ። 38ቱ ፎስፈረስ ከኦክስጅን ጋር ሆኖ ሲመዘን ነው። በሠንጠረዡ ክብደት ስናሰላው ፎስፈረስ 31፣ ኦክስጅን 16 ስለሆነ ከአንድ ኩንታል ውስጥ ንጹሑ ፎስፈረስ 16 ኪሎ ተኩል ያህል ነው። በአሲዳማ ማሳ ላይ ከዚህ ውስጥ የዚያ ዓመት ሰብል የሚያገኘው ጥቂቱን ነው። የቀረው ማሳው ውስጥ አለ፤ አልተሰረቀም፤ ግን በአሉሙኒየም እጅ ነው። ማዳበሪያ መጨመር መፍትሔ የማይሆነውም ለዚህ ነው። ወደ ተቀደደ ጆንያ እህል እንደ መጨመር ነው።

ኖራው ሲገባ

የኖራ ዱቄት እርጥበት ባለው አፈር ውስጥ ሲገባ ካርቦኔቱ ሃይድሮጅኑን ይይዘዋል። ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናሉ፤ ጋዙ ወደ አየር ይወጣል። ካልሲየሙ ደግሞ በሸክላው ላይ የተቀመጠውን አሉሙኒየም አስነስቶ ቦታውን ይይዛል። የተነሣው አሉሙኒየም ከውሃ ካገኘው ጋር ተያይዞ የማይሟሟ ደለል ይሆናል፤ ሥርም ፎስፌትም አይነካም። እዚህም ሒሳቡ ተካክሎ ይወጣል። ሁለት አሉሙኒየም ስድስት ቻርጅ አላቸው፤ እነሱን ለማስነሣት ሦስት ካልሲየም ያስፈልጋል፤ ሦስት ጊዜ ሁለት ስድስት ነው።

ብዙ ጊዜ ይህ ጥያቄ ይነሣል፦ ካልሲየም ከሆነ የሚፈለገው ጂፕሰምም ካልሲየም አለውና ለምን እሱን አንበትንም? ጥሩ ጥያቄ ነው። ጂፕሰም ካልሲየም ሰልፌት ነው። ካልሲየሙ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ጓደኛው ላይ ነው። ሰልፌት ሃይድሮጅንን አጥብቆ አይዝም፤ ስለዚህ ኮምጣጣነቱን አይቀንስም። ጂፕሰም የሚረዳው ሶዲየም የበዛበትን ጨዋማ የቆላ መሬት ነው። ለእኛ ደጋ ሥራውን የሚሠራው ካርቦኔቱ ነው። ስለ ጨው ራሱም ጥያቄ ይመጣልና ባጭሩ፦ ጨው ማሳ ላይ አይበተንም። ሶዲየሙ አፈሩን ያበላሻል፤ ክሎሪኑም ከሃይድሮጅን ጋር ምንም ጉዳይ የለውም።

ስንት ኩንታል?

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ወጣቶች ጻፉ።

ከላቦራቶሪ በሚመጣው ወረቀት ላይ ተለዋጭ አሲዳማነት የሚል ቁጥር አለ። ለምሳሌ 2 ይሁን። መለኪያው ሴንቲሞል በኪሎ ግራም ይባላል። ሞል እንደ ደርዘን የቆጠራ ስም ነው፤ ደርዘን 12 ሲሆን ሞል ግን እጅግ ብዙ ነው። ሴንቲሞል የሞል መቶኛ ነው። እንግዲህ በአንድ ኪሎ አፈር ላይ የሃይድሮጅንና የአሉሙኒየም ቻርጅ የሞል ሁለት መቶኛ ያህል አለ ማለት ነው።

አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነው። እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት 1,500 ሜትር ኩብ አፈር ይሆናል። አንዱ ሜትር ኩብ 1,200 ኪሎ ቢመዝን ጠቅላላው 1,800,000 ኪሎ ነው። በእያንዳንዱ ኪሎ ላይ ሁለት መቶኛ ካለ በሄክታሩ ላይ 36,000 ሞል ቻርጅ አለ።

ኖራውስ? ከሠንጠረዡ ላይ ካልሲየም 40፣ ካርቦን 12፣ ኦክስጅን 16 ነው። ኦክስጅኑ ሦስት ስለሆነ 48 ይሆናል። ጠቅላላው 100። ስለዚህ አንድ ሞል ኖራ 100 ግራም ይመዝናል፤ ሁለት ቻርጅም ያነሣል። ለአንድ ቻርጅ 50 ግራም ማለት ነው። 36,000ን በ50 ግራም ብናባዛ 1,800 ኪሎ፣ ማለትም 18 ኩንታል እናገኛለን። ኖራው ንጹሕ ስላልሆነ፣ በማረሻም እኩል ስለማይደባለቅ ባለሙያዎች በአንድ ተኩል ያባዙታል። 27 ኩንታል በሄክታር ይመጣል። ለአንድ ጥማድ፣ ማለትም ለሩብ ሄክታር፣ ሰባት ኩንታል ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል።

እንግዲህ «የኖራው መጠን በዛ» የምትሉት ቁጥር ከየት እንደመጣ አያችሁ። ከቢሮ የተጣለ ኮታ አይደለም። የቻርጅ ቆጠራ ነው። የጎረቤታችሁ ማሳ ተለዋጭ አሲዳማነቱ 1 ከሆነ የእሱ ግማሽ ይሆናል። ስለዚህ «ለእገሌ ይህን ያህል ሰጥታችሁ ለኔ ለምን» ማለት አያዋጣም፤ መመርመር ነው የሚያዋጣው። ሸክሙ ከባድ መሆኑን ግን አልክድም። ሃያ ሰባት ኩንታል መንገድ በሌለበት ጎጥ በአህያ ማመላለስ ቀላል አይደለም። በእኔ አስተያየት ለአንድ ሄክታር የሚበቃ ኖራ ያላገኘ ሰው ያለውን በሙሉ ማሳው ላይ በስሱ ከሚያዳርስ በአንድ ጥማድ ላይ ልኩን ቢያደርግና በሚቀጥለው ዓመት ወደ ሌላው ቢሸጋገር ይሻለዋል። አንዴ በልኩ የተደረገ ኖራ ለተወሰኑ ዓመታት ይሠራል፤ ጎን ለጎን ያለው ያልተደረገበት ጥማድም ማነጻጸሪያ ይሆናችኋል።

የተቃጠለ ኖራ የምታገኙ ከሆነ ክብደቱ ይለያል። ድንጋዩ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣና ከ100 ኪሎው 56 ኪሎ ይቀራል። ያ 56 ኪሎ የመቶውን ሥራ ይሠራል። ግን ውሃ ሲነካው ይግላል፤ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል። ጓንትና የአፍንጫ መሸፈኛ ሳይኖር፣ በነፋስም ቀን፣ ማንም እንዳይነካው፤ ሕፃናትም አይቅረቡት።

አበታተኑና ዩሪያው

ኖራ ከመዘራቱ ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ፣ አፈሩ እርጥበት ሲኖረው ይበተናል፤ ወዲያው ይታረሳል። ከላይ ተበትኖ የቀረ ኖራ ሥሩ ያለበት አይደርስም፤ ካልሲየም ካርቦኔት በራሱ እንደማይወርድ ቅድም አይተናል። ድግግሞሽ እርሻው እዚህ ላይ ይጠቅማል።

ከማዳበሪያ ጋር የማይደባለቀው ለምንድን ነው? በኤንፒኤስ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን አሞኒየም ነው። አሞኒየም ከኖራ ወይም ከአመድ ጋር ሲገናኝ ሃይድሮጅኑን ይነጠቅና አሞኒያ ጋዝ ይሆናል። አፍንጫ የሚቆነጥጥ ሽታ ከሸተታችሁ የከፈላችሁበት ገንዘብ ነው የሚሸታችሁ። በተጨማሪም ካልሲየሙ በጉድጓዱ ውስጥ ፎስፌቱን ሊይዘው ይችላል። ወር አስቀድሞ የተበተነ ኖራ ግን ከአፈሩ ጋር ሥራውን አብዛኛውን ጨርሶ ስለሚጠብቅ ይህ ችግር አይኖርም።

ዩሪያ ከሁሉም የተለየ ነው። ኩንታሉ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለው፤ ነገር ግን አዮናዊ አይደለም። አቶሞቹ ኤሌክትሮን የተሰጣጡ ሳይሆን የተጋሩ ናቸው፤ ቻርጅ የለውም። ስለዚህ በተበተነ ማግሥት ኃይለኛ ዝናብ ቢመጣ ሸክላው አይዘውም፤ ከውሃው ጋር ይሄዳል። በጥቂት ቀናት ውስጥ በአፈር ውስጥ ያለ ኢንዛይም ወደ አሞኒየም ይለውጠዋል፤ ያን ጊዜ ሸክላው ይይዘዋል። ላይ ላዩን ቀርቶ ፀሐይ ካገኘው ግን አሞኒያ ሆኖ ይበናል። አፈር አልብሱት የሚባለው፣ በአንዴ ሳይሆን ከፍሎ መስጠት የሚመከረውም ለዚህ ነው።

አሞኒየሙን ደግሞ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትሬት ሲለውጡት ሃይድሮጅን ይለቃሉ። ዩሪያና ኤንፒኤስ ዓመት ከዓመት የሚገባበት ማሳ ቀስ በቀስ የሚኮመጥጠው በዝናቡ ብቻ ሳይሆን በዚህም ነው። ይህን ስል ማዳበሪያ ተዉ ማለቴ አይደለም፤ ምርት ያለ ናይትሮጅን የለም። ማዳበሪያ ያስገባ ሰው በየጥቂት ዓመቱ ኖራንም በሒሳቡ ውስጥ ያስገባ ማለቴ ነው። ፍግና ኮምፖስት የሚያገኝም አይናቀው፤ የበሰበሰው ነገር አሉሙኒየምን ይይዛል፣ ጎተራውንም ያሰፋል። የምድጃ አመድም ካርቦኔት አለውና ለጓሮ ይጠቅማል። ለሄክታር የሚበቃ አመድ ያለው ቤት ግን አላየሁም።

የአፈር ናሙና

ለምርመራ የሚወሰደው ናሙና ልክ ካልሆነ ከላይ ያለው ሒሳብ ሁሉ ከንቱ ነው። ማሳውን በዚግዛግ እየሄዳችሁ ከአሥር ያላነሱ ቦታዎች ላይ ቆፍሩ። ፍግ ከተቆለለበት፣ ከሰል ከከሰለበት፣ ከዛፍ ሥር፣ ከድንበር፣ ከእርከን ላይ አትውሰዱ። ከላይ ያለውን ገለባ ጥረጉና እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ድረስ እኩል ውሰዱ። በንጹሕ ባልዲ ደባልቁት። የማዳበሪያ ጆንያ አትጠቀሙ፤ የቀረው ዱቄት ውጤቱን ያበላሻል። በጥላ አድርቃችሁ አንድ ኪሎ ያህሉን በላስቲክ አድርጉና ስማችሁን፣ ቀበሌያችሁን፣ የማሳውን ስም ጽፋችሁ ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው አስረክቡ። ተዳፋቱና ሜዳው፣ ቀዩና ጥቁሩ አፈር ለየብቻ ናሙና ይወሰድላቸው።

አሁን ወደ ውጭ እንወጣለን። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ሳህን ተዘጋጅቷል፤ በአንዱ ኖራ፣ በአንዱ ጂፕሰም፣ በአንዱ የደቀቀ ነጭ አፈር አለ። የትኛው የትኛው እንደሆነ አልተጻፈበትም፤ በዓይንም አይለይም። ሎሚ ጨምቁበት። የሎሚው ሃይድሮጅን ካርቦኔቱን ሲያገኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣልና አረፋ እየሠራ የሚንጫጫው ኖራው ነው። ኖራ በምትረከቡበት ቀንም አንድ ሎሚ በኪሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ።